የባዶ ገበቴ ቀን በሚዞሬዳኒ

በጃፓን አገር፣ ከባሕር ብዙ ርቆ ተራራ በተራራ ላይ በተደራረበበት መሐል አገር፣ ሚዞሬዳኒ የሚባል ጠባብ ሸለቆ አለ ይባላል። ስሙ በአገሬው ቋንቋ በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ የሚወርድበት ሸለቆ ማለት ነው፤ እውነትም ከመከር ማብቂያ እስከ ጸደይ አጋማሽ ድረስ ከሰማይ የሚወርደው ነገር ዝናብ ይሁን በረዶ ለይቶ የሚናገር ሰው አይገኝም። የሸለቆው ሰዎች ካቡ የሚሉትን ተክል ያበቅላሉ። ሥሩ ቀይ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፊ ነው፤ እነርሱ ግን ከሥሩ ይልቅ ቅጠሉን ይወዳሉ። ቅጠሉን በፈላ ውሃ ነከር አድርገው ያወጡና በእንጨት በርሜል ጠቅጥቀው፣ ካለፈው ዓመት ቦክቶ የደረቀ ቅጠል ለእርሾ ጨምረው፣ ከድነው ያስቀምጡታል። ጨው የሚባል ነገር አይነካውም። በጥቂት ቀን ውስጥ ቦክቶ ይኮመጥጣል፤ ናሺዙኬ ይሉታል። ሶባ በሚባለው፣ እንደ ፓስታ ቀጥኖ በተቆረጠው ትኩስ ምግባቸው ላይ ይነሰነሳል፤ ከሰዓት በኋላም ከተቆላ ቅጠል ሻይ ጋር በትንሽ ሳህን ይቀርባል። ከከተማ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሲቀምሰው ፊቱን ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ግን ሳህኑን ራሱ ወደ ራሱ ይስባል።

ከምግቡ ይልቅ እንግዳውን የሚያስገርመው ግን ልማዱ ነው። ቅጠል በሚቀመጥበት በመጀመሪያው ቀን፣ የትኛዋም የቤት እመቤት የደረቀ እርሾ በገዛ ጣሪያዋ ሥር ተሰቅሎላት እያለ ከእሱ አትነካም። ባዶ የእንጨት ገበቴ ይዛ ወደ ሌላ ቤት ሄዳ ትለምናለች። የተጣላችው፣ የተኳረፈችው ሰው ካለ ደግሞ ወደ ሌላ ደጅ ከመዞሯ በፊት እዚያ ነው የምትሄደው። የተለመነችው አትከለክልም፤ የለመነችውም አታመሰግንም። ይህን ቀን የባዶ ገበቴ ቀን ይሉታል።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የሸለቆው ሽማግሌዎች ቶሴ የምትባል ሴት ከዕለታት ባንዱ ያደረገችውን ይነግሩታል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ወደ ሚዞሬዳኒ ጨው የሚገባው በበሬ ጀርባ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከ ሸለቆው የሰባት ቀን መንገድ ሲሆን፣ የመጨረሻው ቀን መንገድ ገደል ታኮ የሚያልፍ፣ ሁለት በሬ ጎን ለጎን የማያስኬድ የተራራ ማለፊያ ነበር። ከየቤቱ አንዳንድ ወንድ በተራ እየወጣ ሦስት በሬ ነድቶ ጨው ያመጣል፤ የመጣውም ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ ከዚያም ላይ ለክረምቱ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ማጣፈጫ ይቦካበታል፣ ቅጠል ይቀመጥበታል። በረዶው ሸለቆውን ከዘጋ በኋላ ለአራት ወር አረንጓዴ ነገር የሚገኘው ከበርሜል ብቻ ስለነበረ፣ ጨው የሌለው ቤት ክረምቱን ያልፋል ብሎ የሚያምን አልነበረም።

ቶሴ በዚያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ቀጭን፣ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ የሆነች መበለት ነበረች። ቅጠል አቀማመጥ የሚማሩ ሙሽሮች ወደ እርሷ ይላኩ ነበር። ከወለደቻቸው አራት ልጆች የተረፈላት ጌንዞ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከቤቷ ፊት ለፊት፣ በመካከል በምታልፍ ጠባብ የውሃ ቦይ ብቻ ተለይቶ፣ የያሄይና የሚስቱ የሺኖ ቤት ነበር። ያሄይ ሳቂታ፣ ዜማ የማይችል፣ ግን በሬ ሲነዳ ሳይዘፍን የማይሄድ ሰው ነበር። ሺኖ ከሌላ ሸለቆ ያገባች፣ እናቷ ሩቅ የሆነች ሴት ስለነበረች ቶሴን «እማማ» ትላታለች፤ ኪኑ የምትባለውን ሴት ልጇን ስትወልድም ወገቧን የያዘቻት ቶሴ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች በየቀኑ ቦዩ ላይ ተጎንብሰው፣ አንዷ ከዚህ አንዷ ከዚያ ሆነው፣ ቅጠል እያጠቡ ይጫወቱ ነበር።

በዚያ ዓመት መከር ላይ፣ የጨው ተራው የጌንዞ ሆነ። ሊሄድ ካለበት ቀን በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ቶሴ ውሃ ልትቀዳ ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች። ከማለፊያው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ በበጋም በክረምትም እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ያን ጠዋት ግን ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ጭቃ ጭቃ እየሸተተ ወረደ። ቶሴ እንስራዋን ሳትሞላ ቆማ ቀረች። አባቷ፣ እንጨት ቆራጭ የነበረው ሰው፣ በልጅነቷ «የላይኛው ምንጭ አፈር ይዞ ከወረደ ተራራው ከውስጥ መንቀሳቀስ ጀምሯል» ብሎ ነግሯት ነበር።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ልታደርገው የሚገባትን ታውቅ ነበር። ወደ መንደሩ ሹም ወደ ማጎሮኩ ሄዳ መንገር ነበረባት። ነገር ግን የጨው ማስቀመጫው ጎድሎ ነበር፣ ቅጠሉም ለመነቀል ደርሶ ነበር፤ ሹሙ በአንዲት ሴት ቃል ጉዞውን እንደማያስቀር፣ ምናልባትም ልጇን ለማስቀረት ሰበብ ፈጠረች ብሎ እንደሚስቅባት አሰበች። ምናልባትም የተባለው ነገር እውነት አይሆንም አለች። እንዲህ ሁለት ሐሳብ ሆና ቤቷ ገባችና ጌንዞን አየችው፤ አጎንብሶ የገለባ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ፍታው» አለችው። «ዛሬ አትሄድም። ግባና ተኛ፤ ትኩሳት ይዞሃል።»

«እኔ ምንም አልሆንኩም እኮ እማዬ።»

«ትኩሳት ይዞሃል አልኩህ!»

ጌንዞ እናቱ እንዲህ ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም፤ ፊቷን አይቶ ገባና ተኛ። እርሷም ወደ ሹሙ ቤት ሄዳ ልጇ መታመሙን ተናገረች። ያሄይ እዚያው በሬዎቹን ለጉዞው ሲያሰናዳ ነበርና ሰማት። «እማማ ቶሴ፣ ምንም አይደል። የእሱን ተራ እኔ እሄዳለሁ፤ የእኔ ሲደርስ ደግሞ እሱ ይሄድልኛል» አላት፤ የገለባ ካባውንም ደረበ።

ቶሴ «ያሄይ» ብላ ጠራችው።

«አቤት እማማ?»

ልትነግረው አሰበች፤ ግን ፈራች። ስለ ምንጩ ከነገረችው፣ ልጅሽን ያስቀረሽው ለዚህ ነዋ ይሏታል። «መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ እያልክ ሂድ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። ያሄይ ሳቀና በሬዎቹን ነድቶ፣ ያን የተዛነፈ ዘፈኑን እየዘፈነ ወጣ።

ቀትር ላይ ተራራው ወረደ። ድምፁ በሸለቆው ያልተሰማበት ቤት አልነበረም ይባላል፤ ሕፃናት አለቀሱ፣ ከጣሪያ ላይ ወፎች ተነሡ፣ ከዚያም ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከሦስቱ በሬዎች አንዱ ብቻ ጆሮው ተቀዶ ተመለሰ። የያሄይን አስከሬን በሦስተኛው ቀን አገኙት። ማለፊያው ግን በድንጋይና በአፈር ተደፍኖ፣ ትልልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ተጋድመውበት፣ ሰው ቀርቶ ፍየል የማያሳልፍ ሆነ።

በለቅሶው ቀን ቶሴ ምግብ ይዛ ቦዩን ተሻገረች። ሺኖ በደጃፏ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደርቆ ነበር። «ለልጅዎ ይውሰዱለት፤ የታመመው እሱ ነው» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሺኖ ከቶሴ እጅ ምንም አልተቀበለችም፤ ቅጠል የምታጥብበትንም ቦታ ቀይራ ከቦዩ ወደ ላይ፣ ከዓይን ወደሚርቅ ቦታ ወሰደችው። ጌንዞ ሁለት ጊዜ «ሄጄ እውነቱን ልንገራት» ቢላት ቶሴ «ለእሷ ምን ይጠቅማታል?» እያለች አስቀረችው። እርሱም ሌላ ነገር ቢያጣ፣ መንገዱን ለመጥረግ ከሚወጡት ወንዶች ጋር በየቀኑ ቀድሞ ወጥቶ ከሁሉ በኋላ የሚመለስ ሆነ።

ጨው አልመጣም። ማጎሮኩ በየቤቱ የቀረውን ሰብስቦ ለሚሶው ብቻ እንዲሆን አደረገ። ካቡው ግን ለምልሞ በየማሳው ቆሞ ነበር፤ በጨው ካልተቀመጠ ደግሞ ይበሰብሳል። ቶሴ ከማሳዋ የነቀለችውን ቅጠል ምን እንደምታደርገው ግራ ቢገባት፣ ለበሬዋ ይሁን ብላ በፈላ ውሃ ነከር አድርጋ በበርሜል ጠቀጠቀችው። ጌንዞ ከጫካ ለቅሞ ያመጣውን፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል፣ ከጉምዛዜው የተነሣ ሰው የማይበላውን የዱር ናሺ የሚሉትን ፍሬም ጨፍልቃ ጨመረችበት። በርሜሉን በገለባ ሸፍና ከምድጃው ጀርባ፣ ሙቀት በሚደርሰው ቦታ አቆመችው። በአራተኛው ቀን ለበሬው ልትሰጥ ስትከፍተው ይሸታል ብላ አፍንጫዋን ይዛ ነበር። የወጣው ሽታ ግን የብስባሽ አልነበረም፤ ስለታም፣ ንጹሕ፣ ምራቅ የሚያመጣ ነበር። በሬው በላና አንገቱን ወደ በርሜሉ ሰገገ። ቶሴም አንድ ቅጠል አንሥታ ቀመሰች። ከዚያም ሕመም ይመጣ እንደሆነ ብላ ሦስት ቀን ጠበቀች፤ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጠፍቶባት የነበረው የምግብ ፍላጎት ተመለሰላት።

በማግስቱ ለየቤቱ ከቦካው ቅጠል እየቆነጠረች አደለች፤ እንዴት እንደሚሠራም ነገረች። ለሺኖ የሚሆነውን ግን የመንደሩ አዋላጅ ለነበረችው ለአሮጊቷ ዮኔ ሰጠቻት።

«ከማን ነው ብላ ብትጠይቀኝስ?» አለች ዮኔ።

«ካንቺ ነው በያት።»

«እኔ እኮ መዋሸት አልችልበትም ቶሴ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው እሜቴ። ልጅቷ ድዷ መድማት ጀምሯል አሉ።»

ዮኔ እያጉረመረመች ወሰደችላት። ክረምቱም ገባ፤ በረዶው እስከ ጣሪያ ጠርዝ ደረሰ። የሚዞሬዳኒ ሰዎች ያን ክረምት ኮምጣጣ ቅጠል በሚሶ፣ ኮምጣጣ ቅጠል በሶባ እየበሉ ወጡት። የኪኑ ድድ ዳነ፤ ዮኔም መጥታ ለቶሴ ነገረቻት። ቶሴ ከዚያ በኋላ ማገዶውንም፣ ያረጀውን ብርድ ልብስም፣ ያገኘችውን ሁሉ በዮኔ እጅ ትልክ ጀመር፤ ራሷ ግን ቦዩን ተሻግራ አታውቅም ነበር።

ጸደዩ ክፉ ሆነ። ናሺው ካበበ በኋላ ውርጭ ወርዶ አበባውን አረገፈው፤ በሸለቆው ሙሉ አንዲት ፍሬ አልተገኘችም። የቀድሞው ዓመት ቅጠል ለእርሾ እንዲሆን ደርቆ በገመድ ተሰቅሎ ነበር፤ ነገር ግን የረሃቡ ወር ሲረዝም ብዙው ቤት ከገመዱ እያወረደ በላው። የቶሴን ደግሞ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው የበረዶ ውሃ ሳታየው ሲያርሰው ቆይቶ ሻገተባት። መንገዱ ገና ግማሹ እንኳ አልተከፈተም ነበር። መከር ደርሶ ካቡው እንደገና በየማሳው ሲቆም፣ መንደሩ ጨውም እርሾም አልነበረውም።

ሰዎቹ በማጎሮኩ ቤት ተሰበሰቡ። ቤት ለቤት ሲጠየቅ፣ የደረቀ ቅጠል በጣሪያዋ ሥር የተረፋት ሺኖ ብቻ ሆና ተገኘች። ለራሷም ለልጇም እየቆጠበች፣ በረሃቡም ወር ሳትነካው አቆይታው ነበር። ማጎሮኩ ራሱ ሄዶ ጠየቃትና ግራ ገብቶት ተመለሰ።

«አልሰጥም አላለችም» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «እሰጣለሁ ነው ያለችው። ግን ለእርስዎ አይደለም፤ ባለቤቱ መጥቶ ይለምነኝ አለች። እሜቴ ዮኔ፣ ያመጣሽላት አንቺ ነሽ አይደል? እንግዲህ አንቺ ሂጂያ።»

ዮኔ ቀና ብላ ቶሴን አየቻት። ቶሴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ቤቷ ሄዳ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ገበቴ አነሣች።

ጊዜው ቀትር ነበር፤ ከስብሰባው የቀረው ሰው ሁሉ ካቡ ለመንቀል ማሳ ላይ ነበር። ቶሴ ባዶ ገበቴ በሁለት እጇ ይዛ ቦዩን ስትሻገር ያላያት አልነበረም። ከቤቷ እስከ ሺኖ ደጃፍ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እርሷ ግን በኋላ፣ ከማለፊያው ወዲያ ደርሳ የተመለሰች ያህል እግሯ እንደዛለ ትናገር ነበር አሉ።

ሺኖ ደጃፏ ላይ ቅጠል ስታራግፍ አገኘቻት። ቶሴ ከወለሉ ጠርዝ በታች፣ እንግዳ ጫማውን በሚያወልቅበት መሬት ላይ ተንበረከከችና ገበቴውን ፊቷ አስቀመጠች።

«እርሾ ልለምንሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

«የማን እርሾ ነው?» አለች ሺኖ፣ እጇን ሳታቆም።

«የኔ ነበር። ዮኔን ዋሺልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅሁት። የቅጠሉን አንጓ እየሰበሩ የሚቆርጡት በዚህ አገር እርስዎ ብቻ ነዎት። ልደፋው ወደ ቦዩ ወስጄው ነበር። ኪኑ ተከትላኝ መጥታ፣ እየዘገነች ትበላ ጀመር። አፏ እየደማ ትበላ ነበር። እሱን አይቼ መልሼ አስገባሁት።»

ቶሴ አንገቷን ደፋች።

«ማገዶውንም አውቃለሁ፣ ብርድ ልብሱንም» አለች ሺኖ። «ዓመት ሙሉ ሲልኩልኝ ከረሙ። እኔ ደግሞ መቼ ነው ራሳቸው የሚመጡት እያልኩ ዓመት ሙሉ ያንን ቦይ ሳይ ከረምኩ። አሁን መጡ። እርሾ ብቻ ነው የፈለጉት?»

እዚህ ላይ ቶሴ ገበቴዋን ብታነሣ፣ እሺ ብላ እርሾዋን ብትቀበል ማንም አይነቅፋትም ነበር። ማሳው ላይ የቆመው ሰው የሚነጋገሩትን አይሰማም። ያንን ሁሉ አሰበች። ከዚያም የምንጩን ውሃ ቀለም ነገረቻት። አባቷ ያላትን፣ ጌንዞን ግባና ተኛ ማለቷን፣ በትኩሳት ማሳበቧን፣ ያሄይ ካባውን ሲደርብ ስሙን ጠርታ አቤት ሲላት ያልነገረችውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጇም ልናገር ሲል አፉን የዘጋችው እርሷ እንደሆነች ጨመረችላት። ስትጨርስ ቀና አላለችም።

በሺኖ እጅ የነበረው ቅጠል ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር።

«አልታመመም ነበር?»

«አልታመመም።»

«እኔ እኮ» አለች ሺኖ። «እኔ እኮ የታመመ ሰው ጠላሁ ብዬ፣ ምን ዓይነት ሴት ነኝ ብዬ፣ ዓመት ሙሉ ራሴን ስኮንን ነው የኖርኩት። ጌንዞ ማለፊያው ላይ ድንጋይ ሲሸከም እያየሁት፣ ይሄ ልጅ ምን አጠፋ፣ ለምን በባሌ ፈንታ ይሙት እላለሁ እያልኩ። በቀብሩ ቀን እንኳ ትኩሳቱ ለቀቀው ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ ብዬ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው ይላሉ። በባሏ ሞት ቀን ያላወጣችው እንባ ያን ቀን ወጣ፤ ቶሴም መሬት ላይ እንደተንበረከከች፣ ልትነካት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች። እንዲህ ሆነው ስንት ጊዜ እንደቆዩ የሚያውቅ የለም። በኋላ ሺኖ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ቶሴ የኪኑን ድምፅ ሰማች፤ እማዬ ምን ሆንሽ ስትል ሰማች፤ ከዚያም የመሰላል ድምፅ መጣ። ሺኖ ስትመለስ የደረቀው ቅጠል የተሰካበትን ገመድ ሙሉውን ይዛ ነበር። ከገመዱ እየመዘዘች፣ ሳትቆጥር ሳትሰስት፣ ገበቴውን ጢም አድርጋ ሞላችው።

«ለሁሉም ቤት ያካፍሉት» አለች። «ዛሬ ይቅር አልልዎትም።»

«ይቅር በይኝም አላልኩሽም ልጄ።»

«እንዳያመሰግኑኝም።»

ቶሴ ለማመስገን የከፈተችውን አፏን ዘጋች፤ ገበቴውን አንሥታ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ በሙሉ የየራሳቸውን ገበቴ ይዘው በቶሴ ቤት ተሰለፉ፤ ጀንበር ሳትጠልቅም በየቤቱ በርሜል ተከደነ። ጌንዞ ከማለፊያው ሲመለስ እናቱ የሆነውን ነገረችው። እርሱም ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ሲተነፍስ ታየ።

በአራተኛው ቀን፣ ቶሴ በርሜሏን ልትከፍት ስትል ከደጅ ሰው ጠራት። ሺኖ ነበረች፤ ኪኑን በጀርባዋ አዝላ ነበር። «ቅጠሉ ቦክቶ እንደሆነ ልይ» አለች። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ጌንዞ ባያት ጊዜ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደላት፤ ሺኖ አየችው፤ ቀና በል አላለችውም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ቶሴ ትኩስ ሶባ ቀድታ፣ ከበርሜሉ አዲሱን ቅጠል አውጥታ ከላዩ ነሰነሰችና አቀረበችላት። ሺኖ ቀመሰች። በቀስታ አላመጠች። ከቦካው በላይ የሚቦካ ነገር አልነበረም፤ ጥሩ ኮምጥጦ ነበር፤ ይህን ቶሴም ታውቃለች፣ ጌንዞም ያውቃል፣ ራሷ ሺኖም በምላሷ ታውቃለች።

ሺኖ ሳህኑን አስቀምጣ «ገና ነው» አለች። «አንድ ቀን ይጨምሩለት። ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»

በማግስቱም መጣች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አይናገሩትም። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሺኖ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጌንዞን አግብታለች ይላሉ፤ የላይኞቹ ደግሞ ይህ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው፣ ሺኖ ሳታገባ ነው ያረጀችው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ማለፊያው ተከፍቶ ጨው እንደ ልብ መግባት በጀመረ ጊዜ፣ የሚዞሬዳኒ ሴቶች ጨውን ለሚሶ አድርገው፣ ቅጠሉን ግን ያለ ጨው ማስቀመጣቸውን አልተዉም። ቶሴም የገዛ እርሾዋ ከዓመት ዓመት ሳይበላሽ እየቆየላት፣ በመከር መጀመሪያ ቀን ገበቴዋን ይዛ ቦዩን መሻገሯን አልተወችም ይባላል።

ዛሬ ወደ ሸለቆው የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ነው፤ ጨውም በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። የእንጨቱን ገበቴ በፕላስቲክ ዕቃ የለወጡ ብዙ ናቸው። ባለፈው መከር እንኳ፣ በአጥር ወሰን ምክንያት ሰባት ወር ሳይነጋገሩ የከረሙ ሁለት አሮጊት ጎረቤቶች ነበሩ አሉ፤ በባዶ ገበቴ ቀን አንደኛዋ መክደኛው የጠፋ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ የሌላዋን በር አንኳኳች። ሰጪዋም በአራተኛው ቀን፣ እንደ ወጉ፣ ልትቀምስ ሄደች። ቅጠሉ አምሮ ኮምጥጦ ነበር። ሁለት ጊዜ አስደግማ በላች፤ ሻይዋንም ጠጣች፤ ከዚያ በሸለቆው ያለች ሴት ሁሉ በዚያ ቀን እንደምትለው፣ ጫማዋን እያጠለቀች «ገና ነው፤ ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።